በቦሎኛ ኮረብቶች ከልጆች ጋር በእግር መጓዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቦሎኛ የጣሊያን ኤሚሊያ-ሮማኛ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከሰሜን በኩል እስከ ፖ ወንዝ የሚዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ አላት፤ በደቡብ በኩል ግን የአፔኒን ተራሮች የመጀመሪያ እጥፋቶች ከከተማው ጀርባ ተያይዘው ይነሣሉ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በከተማዋ የሚኖሩ ወይም ከሌላ አገር ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የታሰቡት ተራራ መውጣት ለለመደ ስፖርተኛ ሳይሆን፣ በአንድ እጁ ልጅ በሌላው የውኃ ኮዳ ይዞ ለሚወጣ ሰው ነው።

ኮረብቶቹ ከከተማው ምን ያህል ይርቃሉ?

ጨርሶ አይርቁም። ከመካከለኛው ዘመን የከተማ ቅጥር ከተረፉት በሮች መካከል በደቡብ በኩል በፖርታ ሳራጎዛ ወይም በፖርታ ካስቲሊዮኔ፣ አለዚያም በሩ ፈርሶ ስሙ ብቻ በቀረው በፖርታ ሳን ማሞሎ በኩል የወጣ ሰው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ዳገት ይጀምራል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ የቅርቦቹ ኮረብቶች ጫፍ ደግሞ 300 ሜትር አካባቢ ነው። እንጦጦን ወጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር እዚህ ግባ የማይባል ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም ልጅን የሚያደክመው በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ዳገት ስለሆነ፣ ከ200 ሜትር በላይ ያለ ፋታ መውጣት ለአምስት ዓመት ሕፃን ትልቅ ሥራ ነው።

ትንንሽ ልጆች ይዘን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንወጣ የት ብንሄድ ይሻላል?

ብዙ ሰው ያለ ማመንታት በኮረብታ ላይ ያለውን የሳን ሉካ ቤተ መቅደስ ይጠቁማል። የዚህ ገጽ ጸሐፊ ምርጫ ግን ቪላ ጊጂ ነው። ከፖርታ ሳን ማሞሎ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ መናፈሻ ቀድሞ የአንድ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የእርሻ ይዞታ የነበረ ሲሆን፣ በኑዛዜ ለከተማው ተላልፎ ከ1974 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። አሮጌ የፍራፍሬ ዛፎች፣ የወይን ተክል፣ ልጅ እንደ ልቡ የሚንከባለልበት ተዳፋት መስክና ጥላ ያለው ጫካ በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ዋናው ጥቅሙ ግን የትም ቦታ ላይ ሆኖ መመለስ መቻሉ ነው፤ ልጁ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቢሰለች መስኩ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ መቀመጥ ይቻላል፣ ጉልበት ከተረፈው ደግሞ መንገዱ ወደ ላይኛው ኮረብታ ይቀጥላል። መናፈሻውን የሚንከባከበው ድርጅት ለተማሪዎችና ለቤተሰብ የተፈጥሮ ትምህርት ስለሚያዘጋጅ፣ ከመሄድ በፊት ፕሮግራሙን ማየት ይጠቅማል።

ከዚህም ለሚያንስ ጉዞ ሳን ሚኬሌ ኢን ቦስኮ አለ። ይህ የቀድሞ ገዳም ዛሬ የሪትሶሊ የአጥንት ሕክምና ተቋም መቀመጫ ሲሆን፣ ከፊት ለፊቱ ካለው አደባባይ ከተማው በሙሉ ይታያል። በውስጡ ከ160 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ኮሪደር አለ፤ በአንደኛው ጫፍ ባለው መስኮት በኩል 97 ሜትር ቁመት ያለው የአዚኔሊ ግንብ ይታያል፣ ከመስኮቱ እየራቁ ወደ ኋላ በተራመዱ ቁጥር ደግሞ ግንቡ የሚያንስ ሳይሆን የሚተልቅ ይመስላል። ልጆች ይህን ደጋግመው ካልሞከሩ አይለቁም። ቦታው ሕሙማን የሚታከሙበት መሆኑን አስቀድሞ መንገር፣ ወደ ውስጥ መግባት ይፈቀድ እንደሆነም በሩ ላይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሳን ሉካን መንገድ ልጆች ይችሉታል?

ይችሉታል፤ ይሁን እንጂ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከፖርታ ሳራጎዛ ተነሥቶ በጓርዲያ ኮረብታ ላይ እስካለው የማርያም ቤተ መቅደስ የሚደርሰው፣ ጣሪያና ቅስት ያለው መተላለፊያ (በጣሊያንኛው ፖርቲኮ የሚባለው) 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 666 ቅስቶች አሉት። ግንባታው የተጀመረው በ1674 ነው። የመጀመሪያው ክፍል እስከ ሜሎንቼሎ ቅስት ድረስ ሜዳ ሲሆን፣ ከሜሎንቼሎ በኋላ ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ከፊሉ ደረጃ ከፊሉ ተዳፋት ሆኖ ያለ ማቋረጥ ይወጣል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሜዳውን በአውቶቡስ አልፎ ከሜሎንቼሎ ቢጀምር፣ የልጆቹ ጉልበት ለዳገቱ ይተርፋል። ለአዋቂ ከሦስት ሩብ ሰዓት የማይበልጠው ዳገት ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቢወስድ ሊያስገርም አይገባም።

ልጆችን ወደ ላይ የሚስበው ነገር ቆጠራ ነው። ቅስቶቹ ቁጥር ስላላቸው ‹‹እስከሚቀጥለው ሃምሳ እንድረስና ውኃ እንጠጣ›› ማለት፣ ‹‹ደርሰናል፣ ትንሽ ነው የቀረን›› ከሚለው የወላጆች ሁሉ ውሸት ይልቅ ይሠራል። በዳገቱ ላይ የመቁጠሪያ ጸሎትን ምሥጢራት የሚያሳዩ አሥራ አምስት ትንንሽ የጸሎት ቤቶች ስላሉ፣ እነርሱም ጥሩ ማረፊያ ይሆናሉ።

ቤተ መቅደሱ ስሙን ያገኘው ወንጌላዊው ሉቃስ ሥሏታል ተብላ ከምትከበረው የእመቤታችን ሥዕል ነው። ቅዱስ ሉቃስ የሣላት ሥዕለ ማርያም የሚለው ትውፊት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ስላለ፣ ለብዙ የእኛ ልጆች ታሪኩ እንግዳ አይሆንም። በ1433 አዝመራውን ያሰጋ ዝናብ አላባራ ሲል ሥዕሏ ወደ ከተማው ስትወርድ ዝናቡ ቆመ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ በጸደይ፣ ከዕርገት በዓል በፊት ባለው ጊዜ፣ በታላቅ አጀብ ወደ ከተማው ወርዳ ትሰነብትና ትመለሳለች። መተላለፊያው ምዕመናኑንና ሥዕሏን ከዝናብ እንዲጠልል ተብሎ መሠራቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ለቤተሰብ ተጓዥ የሚሰጠው ቀጥተኛ ጥቅም አለ፦ በዝናባማ ቀን ከልጆች ጋር ኮረብታ ለመውጣት በአካባቢው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የቦሎኛ ፖርቲኮዎች በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የቦሎኛ እግር ኳስ ቡድን የሚጫወትበት ዳላራ ስታዲየም ከሜሎንቼሎ አጠገብ ስለሆነ፣ ጨዋታ ባለበት ቀን አካባቢው በሕዝብና በመኪና ይጨናነቃል። መውጣት የማይችሉ አያት ወይም ነፍሰ ጡር እናት አብረው ካሉ፣ ከፒያሳ ማጆሬ የሚነሣ የቱሪስት ባቡር መሰል መኪና እስከ ላይ ያደርሳቸዋል፤ የቀሩት በእግር ወጥተው ላይ ይገናኛሉ።

የሕፃን ጋሪ መግፋት ይቻላል?

እስከ ሜሎንቼሎ ድረስ ያለ ችግር ይቻላል። ከዚያ በላይ ደረጃው ስለሚበዛ ጋሪ ሸክም ነው፤ ጎን ለጎን ያለው የመኪና መንገድም ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆኑ አይመከርም። በጫካ መንገዶች ላይ ደግሞ ሥርና ድንጋይ ስለሚበዛ ጨርሶ መሞከር አይገባም። በዚህ ጉዳይ የእናቶቻችን ዘዴ ይሻላል፤ አንቀልባ ወይም ዘመናዊ የጀርባ ማዘያ ያለው ወላጅ ጋሪ የያዘው በማይደርስበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል። በጋሪ ብቻ መሄድ ግድ ከሆነ ግን ከፖርታ ሳንቶ ስቴፋኖ አጠገብ ያሉት፣ በ1879 የተከፈቱት የጃርዲኒ ማርጌሪታ መናፈሻዎች ሜዳ ናቸው፤ ኮረብታ ባይሆኑም ሕፃኑ አይከፋውም።

ከሳን ሉካ በሌላ መንገድ መውረድ ይቻላል?

ይቻላል፣ እንዲያውም የቀኑ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ሴንቲዬሮ ዴይ ብሬጎሊ የሚባለው የእግር መንገድ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ በጫካ ውስጥ ወደ ካሳሌኪዮ ዲ ሬኖ ይወርዳል። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚያልፈው ከ100 ሄክታር በላይ በሆነው የኪዩዛ መናፈሻ በኩል ነው፤ ነዋሪዎቹ እስካሁን በቀድሞ ባለቤቶቹ ስም ፓርኮ ታሎን ይሉታል። በአንዳንድ ቦታ ቁልቁለቱ ስለሚከብድ፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት አሸራታች ነው፤ ሲደርቅ ግን ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ በደስታ ይወርደዋል። ዳገት የማይፈራ ቤተሰብ በተቃራኒው ከካሳሌኪዮ ወጥቶ በቅስቱ መንገድ ወደ ከተማ መውረድ ይችላል፤ ከልጆች ጋር ግን በቅስቱ ወጥቶ በጫካው መውረድ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ድካም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ በዚያን ሰዓት ደግሞ ልጆችን የሚያጓጓ ወንዝና መስክ ከታች ይጠብቃቸዋል።

ከታች የሚገኘው ኪዩዛ በሬኖ ወንዝ ላይ የተሠራ የመካከለኛው ዘመን የውኃ መቀልበሻ ግድብ ነው። ከዚህ የተጠለፈው ውኃ በቦይ ወደ ከተማ እየገባ ለዘመናት የቦሎኛን ወፍጮዎችና የሐር መፍተያ መኪናዎች አንቀሳቅሷል፤ ግድቡ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ለልጅ ‹‹ይህ ውኃ ነበር ሐር የሚፈትለው›› ብሎ ማሳየት ከብዙ የሙዚየም ጉብኝት ይበልጣል። ሆኖም በግድቡ አጠገብ ወደ ውኃው መግባት አደገኛ ነው፤ ወንዙ ጸጥ ያለ ቢመስልም ልጆች ከዳርቻው እንዲርቁ ማድረግ የወላጅ ግዴታ ነው። ከካሳሌኪዮ ወደ ቦሎኛ በከተማ ዳርቻ ባቡርም ሆነ በአውቶቡስ መመለስ ይቻላል።

ልጆቼ ዋሻ ማየት ይፈልጋሉ። በአቅራቢያ አለ?

አለ፤ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሳን ላዛሮ ዲ ሳቬና በኩል። በ1988 የተመሠረተው ክልላዊ መናፈሻ ስሙ ጀሲ ቦሎኜዚ ይባላል፤ ትርጉሙ የቦሎኛ ጀሶዎች ማለት ነው። ግድግዳ የምንለስንበትን ጀሶ የምንጠራበት ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ በመሆኑ፣ የእኛ ልጆች ስሙን ሳይተረጎምላቸው ይረዱታል። በመናፈሻው ውስጥ መሬቱ ራሱ ጀሶ ነው፦ ከስድስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሜዲትራኒያን ባሕር ከውቅያኖስ ጋር የነበረው ግንኙነት ተዳክሞ ውኃው ሲተን፣ ከሥሩ የቀረው ማዕድን እየተቆለለ ይህን አለት ሠራ። አለቱ በፀሐይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ትልልቅ ክሪስታሎች ስላሉት ልጆች መስታወት የተሰበረ ይመስላቸዋል። ክሪስታሎቹን ነቅሎ መውሰድ የተከለከለ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ከእንባ ያድናል። የቦሎኛ የመካከለኛው ዘመን ግንበኞች ግን በዚህ አለት ብዙ ተጠቅመውበታል፤ ያዘነበለው የጋሪዜንዳ ግንብ መሠረት በዚሁ የተሸፈነ ነው፣ ስለዚህ በኮረብታው ያዩትን ድንጋይ ሲመለሱ መሀል ከተማ ላይ መፈለግ ጥሩ ጨዋታ ይሆናል።

ጀሶ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ከዝናቡ ጋር ወርዶ ከመሬት በታች መተላለፊያ ፈጥሯል። ከስፒፖላ ዋሻ ጋር የተያያዘው የዋሻ ሥርዓት በጠቅላላው ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። የስፒፖላም ሆነ በ1871 በፍራንቼስኮ ኦርሶኒ የተገኘው የፋርኔቶ ዋሻ መግቢያ በብረት በር ስለሚዘጋ፣ መግባት የሚቻለው አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ የራስ ቁርና መብራት ተሰጥቶ ነው። በውስጡ ንጣፍ መንገድና የኤሌክትሪክ መብራት ያለው የቱሪስት ዋሻ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል፤ መሬቱ ጭቃ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ማጎንበስ ያስፈልጋል፣ ሙቀቱም በበጋ እንኳን ከ12 ዲግሪ ገደማ አያልፍም። ስለዚህ ውጭ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን ሹራብ ይዞ መሄድ እብደት አይደለም። ዕድሜው ምን ያህል የሆነ ልጅ እንደሚፈቀድለት በምዝገባ ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ ደግሞ ፈቃድ ቢኖረውም አለማስገባት ይሻላል። የሌሊት ወፎች በዋሻው ስለሚከርሙ ዝምታ ይፈለጋል። እነዚህ የጀሶ አለቶችና ዋሻዎች ከሌሎች የሰሜን አፔኒን መሰል ቦታዎች ጋር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ዋሻ ውስጥ ሳይገቡም በላዩ መራመድ ይቻላል። ከስፒፖላ ዋሻ በላይ ያለው ትልቅ የመሬት ስርጉድ እንደ ሳህን የጎደጎደ ሲሆን፣ ቀዝቃዛ አየር ከታች ስለሚተኛ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ኮረብታ ሲወጡ ይቀዘቅዛል የሚለውን የትምህርት ቤት ትምህርት ልጆች እዚህ ተገልብጦ ያገኙታል። ቀኑ ዝናባማ ከሆነ ደግሞ በሳን ላዛሮ ያለው የሉዊጂ ዶኒኒ የቅድመ ታሪክ ሙዚየም፣ በበረዶ ዘመን በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ እንስሳትን በትክክለኛ መጠናቸው የተሠሩ አምሳያዎች ያሳያል።

ከአሥር ዓመት በላይ ለሆናቸው ልጆች ከበድ ያለ ነገር አለ?

ሳሶ ማርኮኒ የሚባለው ከተማ ዙሪያ ይስማማቸዋል። የከተማው ስም የመጣው ከጉሊዬልሞ ማርኮኒ ነው፤ በ1895 በፖንቴኪዮ ካለው የቤተሰቡ ቤት ቪላ ግሪፎኔ፣ ያለ ሽቦ የላከው ምልክት ከፊት ለፊቱ ያለውን ኮረብታ ተሻግሮ መድረሱን፣ ከኮረብታው ማዶ የነበረው ወንድሙ ጠመንጃ በመተኮስ አሳወቀው። ቤቱ ዛሬ በቀጠሮ የሚጎበኝ ሙዚየም ነው። ስልክ ከእጁ የማይለይ ወጣት በኮረብታው ላይ ቆሞ ይህን ታሪክ ሲሰማ፣ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ስልኩን ከኪሱ ይከተዋል።

ከዚያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሞንቴ አዶኔ አለ፤ ከፍታው 650 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ኮንትራፎርቴ ፕሊዮቼኒኮ የተባለው የጥንት የባሕር አሸዋ አለት ከፍተኛ ቦታ ነው። በአለቱ ውስጥ የባሕር ዛጎል ቅሪት ይታያል። ከብሬንቶ መንደር የሚወጣው መንገድ ረጅም ባይሆንም ጫፉ ላይ ገደል ስላለ፣ ዕድሜያቸው ከአሥር በታች የሆኑና የሚሮጡ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሌላ ቦታ ይምረጥ።

በሬኖ ሸለቆ ትንሽ ወደ ላይ ማርዛቦቶ ይገኛል። ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ከሮማውያን በፊት የነበሩት የኤትሩስካውያን ከተማ የካይኑዋ ፍርስራሽ አለ፤ መንገዶቹ ቀጥ ብለው የተቀየሱ በመሆናቸው ልጆች የቤቶቹን መሠረት እየተከተሉ ‹‹ይህ የእኔ ቤት ነው›› ይባባሉበታል። ከዚያ በላይ ያለው የሞንቴ ሶሌ ታሪካዊ መናፈሻ ግን ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ 1944 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የናዚ ጀርመን ወታደሮች በዚህ ተራራ መንደሮች አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች የሆኑ 770 ገደማ ሰዎችን ገድለዋል። መንገዱ የሚያልፈው በፈረሱት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች መካከል ነው። ልጆችን ይዞ መሄድ ስሕተት አይደለም፤ ምን እንደሚያዩ ግን ከቤት ሳይወጡ ሊነገራቸው ይገባል።

በዛፎቹ ላይ ያሉት ቀይና ነጭ ምልክቶች ምንድን ናቸው?

በ1863 የተመሠረተው የጣሊያን የአልፕስ ክበብ (ካይ) የሚያኖራቸው የመንገድ ምልክቶች ናቸው። በምልክት ሰሌዳው ላይ የመንገዱ ቁጥር ይጻፋል። በካርታና በመመሪያ ላይ ደግሞ አስቸጋሪነቱ በላቲን ፊደል ይገለጻል፤ ቲ ማለት ማንም የሚሄድበት ቀላል መንገድ፣ ኢ ማለት መደበኛ የእግር መንገድ፣ ኢኢ ማለት ልምድ ላላቸው ብቻ ነው። ከልጆች ጋር የመጀመሪያውን፣ ከለመዱ በኋላ ሁለተኛውን መምረጥ ይበቃል። በምልክት ሰሌዳ የሚጻፈው ሰዓት የጤነኛ አዋቂ ሰዓት ስለሆነ፣ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው እጥፍ ያድርገው። ምልክት የመፈለጉን ኃላፊነት ለልጆቹ መስጠት ጥሩ ነው፤ ፈላጊ የሆነ ልጅ ድካሙን ይረሳል።

በየትኛው ወቅት ይሻላል?

ሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በቦሎኛ ከባድና ወበቃም ሙቀት ያለባቸው ወራት ናቸው፤ የግድ ከሆነ በማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ያስፈልጋል። በክረምት ብርዱ ሳይሆን የቀኑ ማጠር ነው የሚያስቸግረው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ16፡30 በኋላ ወዲያው፣ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ፣ ከምሳ በኋላ የሚጀመር ጉዞ በጨለማ ያልቃል።

ከወቅቱ ይልቅ ያለፈው ሳምንት ዝናብ ይበልጥ ወሳኝ ነው። የእነዚህ ኮረብቶች አፈር አብዛኛው ሸክላ በመሆኑ፣ ሲርስ የአገራችንን ዋልካ ያስታውሳል፦ ጫማ ይይዛል፣ እግር ያከብዳል፣ ቁልቁለቱን ያሸራትታል። ካላንኪ የሚባሉት፣ በውኃ እንደ ሽንሽን የተቦረቦሩት የሸክላ ተዳፋቶች ለዓይን የሚያምሩትን ያህል በእርጥብ ቀን የሚረገጡ አይደሉም። በ2023 ግንቦት፣ ከዚያም በ2024 መጸው የደረሱት ጎርፎች በክልሉ ብዙ የመሬት መንሸራተት አስከትለው መንገዶችን አበላሽተዋል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት የሲቪል መከላከያውን የአየር ማስጠንቀቂያ ማየት፣ በመንገድ ላይም ‹‹ተዘግቷል›› የሚል ምልክት ሲገኝ ያለ ክርክር መመለስ ያስፈልጋል። አልፈው የሚሄዱ ሰዎች ይታያሉ፤ እነርሱን መከተል አይገባም።

አደገኛ እንስሳት አሉ?

የሚያሳስበው ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ነው። መዥገር ከጸደይ እስከ መጸው በረጅም ሣር ውስጥ ስለሚገኝና በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ረጅም ሱሪ ማልበስ፣ ማታ ደግሞ የልጆቹን ብብት፣ አንገትና የጉልበት ጀርባ መፈተሽ ያስፈልጋል። የተጣበቀ ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ዘይት መቀባት ወይም በእሳት ማቃጠል ጉዳቱን ያብሳል። ከክረምት መጨረሻ እስከ ጸደይ ባለው ጊዜ ከጥድ ዛፍ እየወረዱ በሰልፍ የሚሄዱ ጠጉራም አባጨጓሬዎች አሉ፤ ጠጉራቸው ቆዳና ዓይን ክፉኛ ስለሚለበልብ ልጆች እንዳይነኩ አጥብቆ መንገር ይገባል። እፉኝት ቢኖርም ከሰው ይሸሻል፤ ድንጋይ ሥር እጅ አለማስገባት ይበቃል። የዱር አሳማ ግልገሎች ይዞ ከታየ በጸጥታ ርቆ መሄድ ያስፈልጋል። ልጆች በመንገድ ላይ ጥቁርና ነጭ እሾህ ካገኙ የጃርት ነው፤ በኢትዮጵያ ከሚገኘው ጋር አንድ ዝርያ ስለሆነ፣ በአማርኛ ስሙን የሚያውቅ ልጅ በዚያ ቀን አስተማሪ ይሆናል።

አዳኞችንም ማሰብ ተገቢ ነው። የአደን ወቅት በአጠቃላይ ከመስከረም ሦስተኛ እሑድ እስከ ጥር መጨረሻ ሲሆን፣ ማክሰኞና ዓርብ አደን በሕግ የተከለከለ ነው። በክልላዊ መናፈሻዎች ውስጥ ማደን ስለማይፈቀድ፣ በዚያ ወቅት እሑድ የሚወጣ ቤተሰብ መናፈሻዎቹን ቢመርጥ፣ ልጆቹንም ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ ቢያለብስ ይሻላል።

ምን ስንቅ እንያዝ? በጾም ቀን የሚበላ ይገኛል?

ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ መያዝ ያስፈልጋል፤ በጫካ መንገዶች ላይ የሚጠጣ ውኃ ይገኛል ብሎ መውጣት አይገባም። ለቀሪው፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ሳይበላሽ ኪስ ውስጥ የሚቆይና በእጅ የሚበላ በመሆኑ፣ ከሱቅ ከሚገዛ ቸኮሌት ይበልጥ ያዋጣል።

በኮረብቶቹ ላይ ካሉ ምግብ ቤቶች ለመመገብ የሚያስብ፣ የጾም ወይም የሃይማኖት ገደብ ያለው ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ክሬሸንቲኔ የሚባለው የአካባቢው የተጠበሰ ቂጣ በባህሉ የሚጠበሰው በስትሩቶ፣ ማለትም በአሳማ ስብ ነው፤ ቲጄሌና ፒያዲናም ብዙ ጊዜ በሊጣቸው ውስጥ ይህ ስብ አለባቸው። ሲታዩ ዳቦ ብቻ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይበላል። ‹‹ሴንዛ ስትሩቶ?›› (ስትሩቶ የሌለው?) ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አስተናጋጆቹ ጥያቄውን ለምደውታል። ቶርቴሊኒ የሚባለው የተሞላ ፓስታም በውስጡ የአሳማ ሥጋ አለው። ለጾም ‹‹ቬጋኖ›› የሚለው ቃል ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት መሆኑን ስለሚያስረዳ፣ ረጅም ማብራሪያ ከመስጠት ያሳርፋል።

መኪና የለንም። ይቻላል?

አብዛኛው ይቻላል፤ ቪላ ጊጂ፣ ሳን ሉካና ካሳሌኪዮ መኪና ያለው ሰው እንኳ በመኪና ባይሄድባቸው የሚመረጡ ናቸው። ወደ ሬኖ ሸለቆ፣ ማለትም ወደ ካሳሌኪዮ፣ ሳሶ ማርኮኒና ማርዛቦቶ፣ ከቦሎኛ ማዕከላዊ ጣቢያ የሚነሣው የፖሬታ መስመር ባቡር ያደርሳል። የከተማው አውቶቡሶች የሚተዳደሩት ቴፔር በተባለው ኩባንያ ነው። አዲስ የትራም መስመር እየተሠራ በመሆኑ የአውቶቡስ መስመሮች ስለሚለዋወጡ፣ ያለፈው ዓመት መረጃ ላይ ከመተማመን የዕለቱን ማየት ይሻላል፤ ወደ ኮረብታ የሚወጡት አውቶቡሶች እሑድ ስለሚቀንሱ የመመለሻውን ሰዓት ከመነሻው በፊት ማወቅ ያስፈልጋል። ለብሬንቶና ለሞንቴ ሶሌ የላይኛው ክፍል ግን መኪና ያለው ወዳጅ መፈለግ ይቀላል።

እስከ ፍሎረንስ የሚያደርሰውን መንገድ ከልጆች ጋር መሄድ ይቻላል?

ቪያ ዴሊ ዴይ፣ ማለትም የአማልክት መንገድ የሚባለው ከፒያሳ ማጆሬ ተነሥቶ አፔኒንን ተሻግሮ ፍሎረንስ የሚደርስ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ አዋቂዎች በአምስት ወይም በስድስት ቀን ይጨርሱታል። ለሕፃናት አይሆንም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ክፍል ከላይ የተገለጸው የሳን ሉካና የካሳሌኪዮ መንገድ፣ ከዚያም የሬኖ ዳርቻ ስለሆነ፣ ልጆች ሳያውቁት መንገዱን ጀምረውታል ማለት ነው። ጀርባቸው ላይ ሻንጣ ያዘሉትን መንገደኞች አሳይቶ ‹‹እነዚህ ፍሎረንስ ድረስ በእግራቸው ሊሄዱ ነው›› ማለት፣ አንዳንዱን ልጅ ያስቀናዋል፤ ሌላውን ደግሞ የራሱ ጉዞ አጭር በመሆኑ ያስደስተዋል።

ልጅ ቢጠፋ ወይም ቢጎዳ ምን እናድርግ?

112 መደወል ነው፤ ጥሪው ያለ ክፍያ ሲሆን ወደ አምቡላንስም ወደ ተራራ ነፍስ አድን ቡድንም ይመራል። የሚጠየቀው የመጀመሪያ ነገር ቦታው ስለሆነ፣ የመንገዱን ቁጥር፣ መጨረሻ ያለፉትን መንደር ወይም ቤተ ክርስቲያን ስም መናገር፣ ከተቻለም ስልኩ የሚያሳየውን የቦታ ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ጣሊያንኛ የሚችል ትልቅ ልጅ ካለ እርሱ ይናገር። ከቤት ሳይወጡ የወላጅን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ልጆቹንም ‹‹ከጠፋህ ዛፍ አቅፈህ እዚያው ቁም›› ብሎ ማስለመድ ጥሩ ነው፤ የቆመ ልጅ ከሚሄድ ልጅ ቶሎ ይገኛል።